«ማሻአላህ» ካልን በኋላ ለተመራማሪው ምን ሰጠነው?



የምረቃ ሰሞን ሲደርስ የእኛም ገጽ እንደ ሌሎቹ በጥቁር ጋዋን ይሞላል። ወንድማችን እገሌ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፣ እህታችን እገሊት ሦስተኛ ዲግሪዋን ጨረሰች ብለን ፎቶ እንለጥፋለን። ከሥር «ማሻአላህ»፣ «አላህ የሚጠቅም ዒልም ያድርግለት» የሚል አስተያየት ይደረደራል። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ሰው በወንድሙ ደስታ መደሰቱ ራሱ ኸይር ነው። ነገር ግን «የሚጠቅም» ብለን ዱዓ ያደረግንበት ዒልም በማግስቱ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው በመካከላችን የለም። ጋዋኑ ይመለሳል፣ ፎቶው ይረሳል፣ ጥናቱ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል።

እኛ የምንለው አጭር ነው። በኃይልና በትራንስፖርት ላይ የሚመራመሩ ልጆቻችን ከጀመዓው የሚፈልጉት ጭብጨባ አይደለም። የሚፈልጉት የሠሩትን የሚሞክሩበት ቦታ፣ «ይህ አልሠራልኝም» ብሎ በግልጽ የሚነግራቸው ተጠቃሚና ሁለት ሦስት ዓመት የሚታገስ ገንዘብ ነው። ሦስቱም ደግሞ በእጃችን አሉ።

ከቤታችን እንጀምር። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳችን በአንድ ወገን ጣናን፣ በሌላ ወገን ዓባይን ይዋሰናል። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት። በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፤ 73 ሜጋዋት። በ2010 የጣናን ውሃ ወደ በለስ የሚያወርደው 460 ሜጋዋት ተመረቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ያለው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ ሁሉ ኃይል የሚወጣው በእኛ ደጅ ካሉት ከጣናና ከዓባይ ነው። ወደ ገጠር ቀበሌዎቻችን ወጣ ብላችሁ ማድቤት ብትገቡ ግን ምጣዱ ሥር ያለው እንጨት፣ ጭራሮና ኩበት ነው። በአገር ደረጃ ስንመለከተውም ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው ኃይል ከ10 እጅ ወደ 9 እጅ የሚጠጋው ከማገዶና ከመሰል ነገር የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 በዓለም ዙሪያ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ይገመታል። እናቶቻችን ዓይናቸውን እየጠረጉ «ጭሱ ነው» የሚሉትን ነገር ማለት ነው።

አንድ ሰው «መብራት ሲገባ ያልቃል» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ነው የኢንጂነር ሥራ የሚጀምረው። አምፖል ማብራትና እንጀራ መጋገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምጣድ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሞቅ አለበት፤ ሊጥ በፈሰሰበት ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ ወዲያው ደግሞ ሙቀቱን መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል። በገበያ የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል። ጎረቤታሞች ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲሰኩ የሰፈሩ መብራት ለምን እንደሚደክም ከዚህ ይገባችኋል። ለስልክ ቻርጅና ለሁለት አምፖል ተብላ የተገዛች ትንሽ ሶላር ደግሞ ምጣድን አትሞክረውም።

ታዲያ ይህን ጉዳይ የራሳቸው ጥያቄ ያደረጉ ምሁራን አገራችን አላጣችም። አብዱልቃድር አማን ሐሰንና ደምስ ዓለሙ ከኖርዌዩ ኦለ ኒዳል ጋር ሆነው በፀሐይ የሚሠራ፣ ቤት ውስጥ የሚጋገርበት የእንጀራ ምጣድ ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ካሰል ላይ በተደረገው የዓለም የፀሐይ ኃይል ጉባኤ አቅርበዋል። ሐሳቡ ፀሐይን ውጭ በመስተዋት ሰብስቦ ሙቀቱን ወደ ማድቤት ማምጣት ነው፤ ጋጋሪዋ ፀሐይ ላይ አትቆምም። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አስፋፋው ኃይለሥላሴና ሙሉ ባይራይ ደግሞ ከዚያው ከኒዳል ጋር ሌላውን ችግር ያዙ፤ ፀሐይ የምትወጣው ቀን ነው፣ እናቶች የሚጋግሩት ግን ብዙ ጊዜ ማታ ወይም ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ ሙቀትን እንደ ውሃ በጋን ማጠራቀም አስፈለገ። ለዚህ የተጠቀሙበት የሶዲየምና የፖታሺየም ናይትሬት ጨው ድብልቅ ነው፤ 220 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ሲረጋ ደግሞ የያዘውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል። እዩት እንግዲህ፤ የእናታችን የመጋገሪያ ሰዓት በፊዚክስ ቋንቋ ተጽፎ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ወጣ።

እኛ በአንበሳሜ ማድቤቶች ይህን ምጣድ አላየነውም። ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱ የድርሻቸውን ሠርተዋል። ከቤተ ሙከራ እስከ ማድቤት ያለው መንገድ ግን በወረቀት አይሄድም። መስተዋቱን በየቀኑ ከአቧራ ማን ይጠርገዋል? ቧንቧው ቢያፈስ ሐሙሲት ላይ ሆነ አንበሳሜ የሚበይደው ማን ነው? አንዲት እናት ሁለት ክረምት ተጠቅማበት «ጠርዙ አይበስልም» ስትል ማን ይመዘግባል? ይህን የሚመልስ የሚኖርበት ሰው እንጂ ጉባኤ አይደለም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናስታውስ። ፀሐይን በጎድጓዳ መስተዋት አንድ ቦታ ላይ መሰብሰብ ለሙስሊም ምሁራን እንግዳ ነገር አይደለም። ከ965 አካባቢ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ስለሚያቃጥሉ ፓራቦላዊ መስተዋቶች ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። የእሱን ሕይወት ለእኛ ደግሞ ይበልጥ ቅርብ የሚያደርገው ዓባይ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ኢብኑል ሀይሠም የዓባይን ጎርፍ መቆጣጠር ይቻላል ማለቱ ካይሮ ለነበረው ኸሊፋ ለአልሐኪም ደረሰ። ኸሊፋው አስጠራው፣ ሰውና ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ላይኛው ግብፅ ላከው። አስዋን አካባቢ ደርሶ ቦታውን ሲያይ በዘመኑ አቅም እንደማይሆን ተረዳ፤ ተመልሶም አይቻልም አለ። ቁጣውን ፈርቶ ኸሊፋው እስኪሞት ድረስ እብድ መስሎ ኖረ ይላሉ። ከዚያ በኋላ አዝሀር መስጂድ አጠገብ ተቀምጦ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት በእጁ እየገለበጠ በዚያ ገቢ ኖረ። ስለ ብርሃን የጻፈው «ኪታቡል መናዚር» የዓለምን ሳይንስ አቅጣጫ ያስያዘ መጽሐፍ ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው «እኛ ቀዳሚዎች ነበርን» ለማለት ነው። ለእኛ ግን የሚታየን ሌላ ነው። ያን የሚያህል አዋቂ ኑሮውን የሚገፋው መጽሐፍ እየገለበጠ ነበር! ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር «አልሆነም» ብሎ በሰላም የሚኖርበት ቦታም አልነበረውም። እኛስ ዛሬ ለተመራማሪ ልጃችን ከአልሐኪም የተሻልን ነን? አንድ ኢንጂነር የሠራው ነገር ባይሠራ «ዶክተር ነኝ ይላል፣ አንድ ምድጃ እንኳ መሥራት አቃተው» ብለን የምንስቅ እኛው ነን።

የዚህ ሙያ መንገድ ምን እንደሚመስል ብዙ ወላጅ አያውቅምና ጥቂት እንበል። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህር አድርጎ ያስቀረዋል። እኩዮቹ መንገድ ሥራና ኮንስትራክሽን ገብተው ቤት ሲሠሩ እሱ በመምህር ደመወዝ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ከዚያ ሦስተኛ ዲግሪ፤ ዕድል ካገኘ ውጭ አገር። ሲመለስ በሳምንት የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ፣ የሚያማክራቸው ተመራቂዎች፣ የሚያርመው ፈተና ይጠብቀዋል፤ ምርምሩ የሚሠራው በተረፈው ሰዓት ነው። እድገት የሚያገኘው ደግሞ በዋናነት በሚያሳትመው ጽሑፍ ነው። በምጣዱ ስንት እናት እንደጋገረች የሚጽፍበት ቦታ ከዚያ ፎርም ላይ ማግኘት ይከብዳል። ዘመድ በበኩሉ በየዒዱ «መኪና መቼ ነው የምትገዛው?» ይለዋል።

ምሳሌ ካስፈለገ ዶ/ር ጌታቸው በቀለን ማንሳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በስዊድን ኬቲኤች የተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ያቀረቡት የሦስተኛ ዲግሪ ጥናት ከዋናው የመብራት መስመር ለራቀ መንደር ፀሐይንና ንፋስን አጣምሮ ኃይል መስጠት ያዋጣ እንደሆነ የሚመረምር ነው። የአዲስ አበባ፣ የመቀሌ፣ የናዝሬትና የደብረ ዘይትን ንፋስና ፀሐይ መረጃ ወስደው 200 ቤተሰብ ለሚኖርበት መንደር አሰሉ። ቁጥሩ ትልቅ አይደለም፤ ዋጋው ግን ትልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ኤሌክትሪክ የጻፉ ብዙ ተመራማሪዎች ያን ሥራ ጠቅሰዋል። 200 ቤተሰብ ማለት እኮ ደራ ውስጥ አንድ መስጂድ ዙሪያ የሰፈረ ሰፈር ነው። እንዲህ ያለ ስሌት ለእኛ መንደር እንዲሠራልን ጠይቀን እናውቃለን?

ከአገር ውጭ ያሉትም አሉ። ፕሮፌሰር ያዕቆብ ሙሉጌታ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የኃይልና የልማት ፖሊሲ ፕሮፌሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአይፒሲሲ፣ ማለትም የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ሪፖርት ስለ ኃይል አቅርቦት ያለውን ምዕራፍ በአስተባባሪነት ከጻፉት ሦስት ምሁራን አንዱ እሳቸው ናቸው። የዓለም መንግሥታት የሚደራደሩበትን ሰነድ ኢትዮጵያዊ እጅ ጽፎታል። ልጆቻችን ኳስ ተጫዋች በስም እንደሚያውቁት ይህን ስም ቢያውቁ እንወዳለን።

አሁን ወደ መንገድ እንውጣ፤ ኃይልና ትራንስፖርት የማይለያዩ ሆነዋልና። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ለአዲስ አበባ ባለሀብት ይህ የመኪና ምርጫ ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን መኪና ማለት ባጃጅና ሚኒባስ ነው። የብዙ ወጣት ወንድሞቻችን እንጀራ ባጃጅ ላይ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ወረፋ የሚያድሩት፣ በጥቁር ገበያ በጀሪካን የሚገዙት፣ ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ቤት የሚገቡት እነሱ ናቸው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ መጣ ሲባል የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ጥያቄያቸው ደግሞ ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው። ሦስት ሰው ተብሎ አምስት ሰው ከጤፍ ጆንያ ጋር የጫነ ባጃጅ በኮረኮንች ዳገት ላይ ባትሪው ስንት ኪሎሜትር ያስኬደዋል? ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር በአስፋልትና በሜዳ ላይ የተለካ ነው። መብራት ሦስት ሰዓት ቢጠፋ የሥራ ቀኑ እንዴት ይሆናል? ባትሪው ሲያረጅ አዲሱ ስንት ነው፣ አሮጌውስ የት ይጣላል፣ ጣና ዳር?

ለእነዚህ መልስ ለማግኘት ቤተ ሙከራ መገንባት አያስፈልግም። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ፈቃደኛ የሆኑ አሥር ባጃጅ ነጂዎች፣ በየባጃጁ የሚታሰር ርቀትና ፍጥነት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያና ስድስት ወር ይበቃል። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ60 ዓመት በላይ ኢንጂነሪንግ የሚሸት ከተማ ጎን ነው የምንኖረው። ርዕስ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ የሚባዝን ተማሪ ሞልቷል፤ ችግሩን በእጁ የያዘ ሾፌርም ሞልቷል። የሚያገናኛቸው ግን የለም።

እዚህ ላይ ነው መስጂዱና ጀመዓው የሚመጡት። «የመስጂድ ሥራ ሶላት ነው፣ ምርምር የዩኒቨርሲቲ ነው» የሚሉን ወንድሞች አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ ግን አንስማማም። ናሲሩዲን አጥ-ጡሲ ከ1259 ጀምሮ መራጋ ላይ የመሩት የከዋክብት መመልከቻ ወጪው ይሸፈን የነበረው ከወቅፍ ገቢ ነው። ወቅፍ ማለት የመቃብር መሬትና የሱቅ ኪራይ ብቻ አልነበረም። በዘመናችንም ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ስድስት መቶ መስጂዶቿን በፀሐይ ኃይልና በቆጣቢ አምፖል ለማሟላት ዕቅድ ይዛ ተነስታለች። ከዘካ ይሁን ወይስ ከሰደቃ የሚለውን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን፤ የእኛ ሐሳብ ስለ ወቅፍና ስለ ሰደቀቱል ጃሪያ ነው።

ሶላር ገዝቶ መስቀል ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም፤ በዓይናችን ያየነው አለ። ስሙን የማንጠራው አንድ መስጂድ ከውጭ ያሉ ልጆች በላኩት ገንዘብ ሶላር ተገጠመለት። የገጠመው ሰው መብራቱን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ የስልክ ቻርጁን ደምሮ አላሰላም። ረመዳን ሲመጣ ተራዊሕ፣ ተሀጁድ፣ ሱሑር እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪው እስከ መጨረሻው ተጠባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ፓኔሉ ዛሬም ጣሪያ ላይ አለ፤ ሥሩ እርግብ ቤት ሠርታለች፣ እሷም የአላህ ፍጡር ናት። ያን ጊዜ አንድ የኤሌክትሪካል ተማሪ ጠርተን ግማሽ ቀን ቢለካልን ኖሮ ገንዘቡ ባልጠፋ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከአንበሳሜና ከአካባቢዋ አንድ መስጂድ ይመረጥ። የሚመረጠው ትልቁ ሳይሆን ከጎኑ የሚበሉና የሚያድሩ ደረሶች ያሉበት ይሁን፤ ደረሳ ባለበት በየቀኑ እንጀራ አለና። በእኛ አካባቢ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። በወረቀት ላይ ስንደምረው 20 ካሬ ሜትር ፓኔል የሚባክነው ተቀንሶለት በደህና ቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድን አራት ሰዓት ያህል ያሠራል። ክረምት ላይ ግን ያንሳል፤ ምን ያህል እንደሚያንስ የሚነግረን ስሌት ሳይሆን የአንድ ዓመት መዝገብ ነው። ከፓኔልና ከኤሌክትሪክ ምጣድ ይልቅ የእነ አብዱልቃድርና የእነ አስፋፋው መንገድ፣ ማለትም መስተዋትና የሙቀት ጋን ይሻል እንደሆነም በዚያው ይታያል። ተመራማሪው ጥናቱን ያገኛል፣ መድረሳው እንጀራውን፣ ባይሳካም «አልሆነም» የሚል ሐቀኛ ሪፖርት እናገኛለን፤ ለዚያም ሳንስቅ እንከፍላለን።

ኮሚቴ ሲቋቋም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጋጋሪዎቹ እናቶች ይግቡበት። የምጣድ ጉዳይ ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ሲወስኑ ምን እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ቁመቱ ለማይመች፣ ሊጥ ለሚያፈስ ዕቃ ገንዘብ ይወጣል። ከባጃጅ ነጂዎቹም ሁለት ይጨመሩ፤ ፓኔሉ ቀን ላይ የሚተርፈው ኃይል ካለ ባትሪ የሚሞላበትን መንገድ እነሱ ይጠይቁ።

ከውጭ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። ለመስጂድ ምንጣፍ፣ ለሚናራ፣ ለድምፅ ማጉያ ስትልኩ ኖራችኋል፤ አላህ ይቀበላችሁ። በዚህኛው ግን የምንለምናችሁ ከዕቃው ዋጋ ሌላ በየዓመቱ ለጥገና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ አብራችሁ እንድትመድቡ ነው። ለባትሪ መተኪያ፣ ለመስተዋት፣ ለሚለካው ተማሪ የትራንስፖርትና የምሳ። ይህ ለፎቶ አይመችም፤ ምንም የሚመረቅ ነገር የለውም።

መምህራንና ተማሪዎች የሆናችሁ፣ በተለይ ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በመልእክት ሳጥናችን ስማችሁን ሳይሆን መጀመሪያ የምትችሉትን ጻፉልን፤ ጭነት መለካት፣ ብየዳ፣ የባትሪ ሥራ፣ መረጃ ማጠናቀር። የመስጂድ ኮሚቴ የሆናችሁ ደግሞ ያለፉትን ስድስት ወራት የመብራት ሒሳብና የማገዶ ወጪ ደረሰኝ ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ደረሰኝ ከሌለ በየሳምንቱ ስንት ሸክም እንጨት እንደሚገባ ከዛሬ ጀምራችሁ ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ፤ ለሚመጣው ተማሪ እሱም መረጃ ነው።